ቢጫው ገመድና ያልተያዘው አይጥ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሼ ሸምሱ ያስጠነቀቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ያሉትን የኢንተርኔት ሳጥኖች በእርጥብ ጨርቅ እንዳልነካ። አንዋር መስጊድ ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ያለ የጅምላ ንግድ ቢሮ ነው። ጋሼ ባለቤቱ ናቸው፤ እኔ የተቀጠርኩት ለጽዳት ነው።

በእርጥብ አልነካሁም። ግን ከሳጥኑ ሥር አንድ ቀጭን ቢጫ ገመድ ተንጠልጥሎ አየሁ። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ሸማ ተራ ስንት ዓመት ጋቢና ነጠላ ሳጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የተዝረከረከ ነገር ካየሁ እጄ አያርፍም። አራት አጠፍኩትና ጠበቅ አድርጌ በነጭ ክር አሰርኩት። ሳጥኑ ላይ ቀይ መብራት በራ።

ኢንተርኔቱ ጠፋ። ዕቃ በስልክ እያዩ የሚያዙ የክፍለ ሀገር ደንበኞች መልስ አጡ። ጋሼ ማን ነካው ብለው ሲጠይቁ መጥረጊያዬን ይዤ ደረጃውን ልጠርግ ወጣሁ። ልጄን ብቻዬን ነው የማሳድገው፤ በመጀመሪያው ቀን ብባረር ምን ይዤ እገባለሁ።

በማግስቱ ከኢንተርኔት አቅራቢው ቴክኒሻን መጣ። ቋጠሮውን አየ፣ እኔን አየ። ክሩን ፈቶ ኪሱ ከተተና ለጋሼ አይጥ ሳይሆን አይቀርም አላቸው። ገመዱን ቀይሮ ሲወጣ ደረጃው ላይ አጠገቤ ቆም አለ።

«እናቴ፣ ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ ብርጭቆ ነው። ከታጠፈ ይሰበራል።»

ጋሼ የአይጥ ሙጫ አስገዙኝ። ከዚያ በኋላ በየወሩ እኔው እየገዛሁ እኔው በየጥጉ አስቀምጥ ነበር። ሙጫውን ባነሳሁ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። አንድም አይጥ ተይዞ አያውቅም።

ሥራውን የለመድኩት እንዲህ እየፈራሁ ነው። ቴክኒሻን በመጣ ቁጥር መሰላል ይዤ እቆማለሁ፣ እጠይቃለሁ። ትምህርት ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው፤ ሳጥኖቹ ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ ፊደል እንደ ጥልፍ ቅርጹን እያየሁ ደብተሬ ላይ እገለብጣለሁ።

አምና የአቅራቢው ሞደም ዋይፋዩ የኋላው መጋዘን አልደርስ አለ። ጋሼ የራሳቸውን ራውተር ገዙና አንቺ ቀይሪው አሉኝ።

መጀመሪያ ከአቅራቢው ቢሮ የመስመሩን መለያ ስምና የይለፍ ቃል አስጽፌ መጣሁ። ቢጫው ገመድ የሚገባባትን ትንሿን ነጭ ሳጥን አልነካኋትም፤ እሷ ትቀራለች። ከእሷ ወደ ሞደሙ የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ነቅዬ፣ ራውተሩ ላይ ቀለሟ ከሌሎቹ የተለየችው ቀዳዳ ውስጥ ሰካሁት። በስልኬ የራውተሩን ገጽ ከፍቼ ስሙንና የይለፍ ቃሉን አንድ በአንድ ጻፍኩ። አንዱን ትልቅ ፊደል በትንሹ ጽፌው ኖሮ እምቢ አለኝ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አረንጓዴ በራ። መጋዘን ያሉትም ደረሰን አሉ።

ጋሼ መጥተው አዩ። «በይ እንግዲህ ሙጫውን አድሺ፣ ይሄንንም አይጥ እንዳይበላው።»

ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ። «ጋሼ፣ ያኔ አይጥ አልነበረም። እኔ ነኝ አጥፌ የሰበርኩት።»

«አውቃለሁ። ቴክኒሻኑ ሳይመጣ አይቼዋለሁ። አይጥ በክር ማሰር ያውቃል እንዴ?»

«ታዲያ ሙጫው?»

«እስክትነግሪኝ ነዋ።»

አሁን ለአዲስ ሠራተኛ የማሳየው ይሄን ነው። ቢጫው ገመድ በሰፊው ይጠቀለላል እንጂ አይታጠፍም። መለያ ስሙና የይለፍ ቃሉ እጅ ሳይገባ አሮጌው ሞደም አይነቀልም፤ ከተነቀለም በኋላ አይጣልም፣ የአቅራቢው ንብረት ነው። የሰበረ ሰው በዚያው ቀን ይናገራል።