የአናጢው ልኬት

አናጢው ሆዱ ውስጥ ያለው ዋናው የደም ቧንቧ ማበጡን የሰማው አምና ኩላሊቱን ሊታይ ሄዶ ነው። "አምስት ተኩል ሴንቲሜትር ከደረሰ ቀዶ ጥገና ያስፈልግዎታል፤ እስከዚያው በየዓመቱ እንለካዋለን" አለችው ሐኪሟ። ሲጋራውን የዚያኑ ዕለት ተወ። ሚስቱ ግን ቢያስነጥስ እንኳ ክው እያለች፣ ዓመቱን ሙሉ እንደ እንቁላል ያዘችው።

ዘንድሮ አብራው ገባች። ሐኪሟ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ሆዱ ላይ ስታንሸራትት ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ።

"አራት ነጥብ ሁለት፤ ልክ እንደ አምናው ነው፣ አባባ።"

ሚስቱ ሳቅና ዕንባ ቀላቅላ፣ "አንተ ሰው፣ ነፍሴን እኮ አወጣሃት!" አለችው።

"እኔማ ከቧንቧው ይልቅ የፈራሁት አንቺን ነው" አላት፣ ሆዱ ላይ የቀረውን ቅባት እየጠረገ። ከጠዋት ጀምሮ እህል ባፉ አልዞረም ነበርና አሁን ገና ራበው።