አራት መቶ ጊዜ የተጠቀሰ ጥናት

ከቴፒ ወደ ሚዛን በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጡት ሽበታም ሰው በደንብ የተተኮሰ ኮት ለብሰዋል፤ የጣቶቻቸው ጫፍ ግን በላቦራቶሪ ቀለም ወይን ጠጅ ሆኗል። ጉልበታቸው ላይ የታተመ ጥናት ይዘዋል።

«ሰው የሚያሳውረውን በሽታ ለማጥናት ስድስት ዓመት በየወንዙ ዳር እየዞርኩ ከቡና ለቃሚዎች ቆዳ ናሙና የወሰድኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ይኸው፣ አራት መቶ ተመራማሪዎች ጠቅሰውታል።»

ስማቸውን ጠይቄ ወረቀቱ ላይ ብፈልግ አጣሁት። የተጻፈው የሌላ ሰው ስም ነው።

«ይሄ ማነው?»

«የክርስትና ልጄ። ማይክሮስኮፕ ማየት ያስተማርኩት እኔ ነኝ።» ወረቀቱን ቀስ ብለው አጣጠፉት። «ዛሬ ሚዛን ላይ ይሸልሙታል። የጥሪ ካርድ ልኮልኛል።»

«ምን ሊሉት ነው?»

«ምንም። ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ።»