እሺ ብቻ የቀራት ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ የሚያውቃት በመርፌዋና በምላሷ ነበር። ደንበኛ «ወገቡን አጥብቢልኝ» ቢላት «አያምርብሽም» ብላ ታሰፋዋለች እንጂ፣ ሰው እንዳላት ሰፍታ አታውቅም። ባሏ ሰዓት ጠጋኝ ነው። ቀኑን ሙሉ እዚያው ቤት አጠገቧ ማጉያ መነጽሩ ላይ አጎንብሶ ይውላል፤ ቃል ካፉ የሚወጣው በግድ ነው። የሁለቱንም ድርሻ የምታወራው እሷ ነበረች።

አንድ ጠዋት ጨርቅ ስትቆርጥ መቀሱ ከቀኝ እጇ ወደቀ። ላንሳው ብትል እጇ የሰው እጅ ሆነባት። ባሏ ቀና ሲል አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። መጀመሪያ የምታሾፍበት መሰለው። ቢያናግራት ግን ዝም አለች። እሷ ዝም ካለች ነገር አለ ብሎ፣ ደግፎ ታክሲ ውስጥ አስገባትና ሆስፒታል አደረሳት። የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ስትሮክ መሆኑን ነገረው፤ ቶሎ በማምጣቱም አመሰገነው።

ነፍሷ ተረፈች፤ ቃላቷ ግን ጥለዋት ሄዱ። የቀራት «እሺ» ብቻ ነው። በሆዷ «መስኮቱን ዝጉልኝ» ትላለች፣ ካፏ «እሺ» ይወጣል። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸሸው የኖረች ቃል መጥታ ተጣበቀችባት።

የክፍሉ ነርስ በዚያ ሰሞን ጥናት ይዛለች። ቤተሰብ በየቀኑ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያወራቸው ሕመምተኞች ንግግራቸው ቶሎ ይመለስ እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች። ልብስ ሰፊዋን ትሳተፊያለሽ ወይ ብላ ስትጠይቃት መልሱ ያው «እሺ» ሆነ። ነርሷ ግን ይህን እንደ ፈቃድ አልቆጠረችውም፤ አስረድታ፣ መፍቀዷን በግራ እጇ ምልክት እንድታሳያት አደረገች።

ባልየው ሊያወራት ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጭንቅ ያዘው። ስለ ሰዓት ጥርስ አወራ፤ ወዲያው አለቀበት። ቸገረውና እርግብ ላርባ ወይ ብሎ ጠየቃት። በዓይኗ እየገደለችው «እሺ» አለች። ጣመው። በማግስቱ «ወንድሜ እኛ ጋ ይኑር» አለ፤ «እሺ»። ጎረቤት አልጋ ላይ ያሉት ሴትዮ ይህን ጨዋታ ለመስማት የጥየቃ ሰዓት እስኪደርስ መቆየት አቃታቸው።

አንድ ቀን ልቡ አብጦ እንዲህ አላት፦

«የስፌት መኪናሽን ጓዳ አስገብቼ፣ ቦታው ላይ የእርግብ ቤት ልሥራ?»

ፊቷ ቀላ። ከንፈሯን ገጠመች፤ ታገለች። «እ... እም...»

ባልየው ወደ አልጋው ጠጋ አለ።

«እምቢ።»

ሰዓት ጠጋኙ ብርድ ልብሷ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ነርሷ ሮጣ መጣችና ድገሚው አለቻት፤ ደገመችው፣ ያውም ጮክ ብላ። ከዚያ በኋላ ቃላቱ አንዳንዱ እያነከሰ፣ አንዳንዱ የሌላውን ቦታ ይዞ፣ ተራ በተራ ተመለሱ።

ነርሷ ሲሰነባበቱ እውነቱን አልደበቀቻቸውም፤ ያለዚያ ወሬም ይሻላት ይሆን ነበር፣ የአንድ ሰው መዳን ጥናት አይሆንም አለቻቸው። ልብስ ሰፊዋ ከዘራ ይዛ ቤቷ ገባች። ቀኝ እጇ እስካሁን ይለግማል፤ ክሩን መርፌው ውስጥ ባሏ ያስገባላታል፣ ጨርቁን በግራ እጇ ትመራለች። ደንበኛ መጥቶ ቃል ሲጠፋባት ባልየው ያውቀዋል፤ ምላሱ ላይ ነው። ግን አይቀማትም፤ ክሩን እያሸ፣ ራሷ እስክታገኘው ይጠብቃታል።