የሳሙና አረፋ ያሳየው ቀዳዳ

ምንይችል ጓዴ ንፋስ መውጫ ላይ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለው ጋራዡ፣ በጭስ ማውጫ ሥራ የታወቀ ሰው ነው። ከሌላ መኪና ተፈትቶ የመጣ ቱቦ ቢሆን፣ ልኩ ሳይሆን የተገዛ ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫ ድምፅ ማፈኛ፣ ቢሆን፣ የሚጮኸውና የሚያጨሰው ሁሉ ወደ እሱ ይላካል። ሲጀምር ጎማ ለጣፊ ነበር፤ ብየዳ የተማረው ኋላ ነው። ሰው የሚያደንቀው ግን ጆሮውን ነበር። ሞተሩን ያስነሣና ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ቆሞ፣ «ከፊተኛው መጋጠሚያ ነው የሚያስተነፍሰው» ይላል። ሲፈታም እውነትም እዚያው ጋ ጥላሸት ይገኛል።

ያ ጆሮ መድከም ከጀመረ ከረመ። የመዶሻውና የብረት መቁረጫው ጩኸት በልቶታል። ቅዳሴ ላይ የዲያቆኑ ድምፅ ይርቀዋል፤ ማኅበር ላይ ሰው ሲስቅ አብሮ ይስቃል እንጂ በምን እንደተሳቀ አያውቅም። «የማይሰማ ሰው መኪና ማን ይሰጠዋል?» እያለ ለማንም ሳይናገር ኖረ። ከጋራዡ በር አጠገብ ቡሎንና የሞተር ዘይት የምትሸጠው ሚስቱ መዓዛ ልብ ብላለች፤ ራሱ እስኪነግራት ነበር የምትጠብቀው።

ክረምቱ እንደወጣ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አዩብ ሚኒባሱን እያስጮኸ መጣ። አዩብ ከንፋስ መውጫ እስከ አርብ ገበያ ከተማ ሰው የሚያመላልስ ጎልማሳ ሹፌር ነው። የቀድሞው ማርሚታ ዝጎ ስለወደቀበት፣ በቅርቡ ሌላ ቦታ አዲስ አስገጥሟል።

«ጋሼ ምንይችል፣ መኪናዬ ሰው እያሳመመ ነው» አለ ከመውረዱ። «ትናንት ከገበያ ስንመለስ ከኋላ የተቀመጡ እናት ራሳቸውን ስተው ወደቁብን። አውርደን ነፋስ ሲያገኙ ነቁ። ከዚያ በፊትም ከኋላ የሚቀመጠው ሁሉ ራሴን ራሴን ይል ነበር። እኔ ጠመዝማዛው መንገድ ነው ስል!»

ምንይችል ደነገጠ። የሞተር ጭስ ሁልጊዜ እንደማይሸት ያውቃል፤ ቀስ ብሎ ያደነዝዛል፣ ያስተኛል፣ ሲብስም ይገድላል። ሞተሩን አስነሥቶ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነ። ከሩቅ ወንዝ እንደሚመጣ ያለ ድፍን ጉርምርምታ እንጂ ሌላ ነገር አልሰማም። ጎንበስ አለ፣ ዞረ፣ አሁንም ያው ነው። አዩብ አፍ አፉን ያየዋል። ቡሎን ጠበቅ ጠበቅ አድርጎ መሸኘት ቀላል ነበር።

በዚህ መሃል መዓዛ ከሱቋ ብቅ አለችና፣ «ኧረ ይኼ እንደ እባብ የሚያፏጨው ምንድን ነው?» ብላ ጮኸች።

«የት ጋ?» አላት።

«አትሰማውም እንዴ?»

ምንይችል ሞተሩን አጠፋ። ወደ ሹፌሩ ዞረ። «አዩብ፣ አልደብቅህም» አለ። «ጆሮዬ ደክሟል። ያፏጫል ያለችውን እኔ አልሰማሁትም። ሌላ ሰው ዘንድ እወስዳለሁ ብትል አልቀየምህም።»

አዩብ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቀ፦ «እጅዎትስ ደክሟል?»

«እጄማ ደህና ነው።»

«እንግዲያው የት እሄዳለሁ?»

መዓዛ የባሏን ትከሻ መታ መታ አድርጋ ከጎኑ ቆመች። ሞተሩ እንደገና ሲነሣ ጆሮ ልትሆነው ሞከረች፤ ነገር ግን ፉጨቱ ከመኪናው ሥር እያስተጋባ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ ይመስላታል። ያን ጊዜ ምንይችል ጎማ ለጣፊ የነበረበት ዘመን ትዝ አለው። የተነፈሰ የውስጥ ጎማ በነፋስ ተሞልቶ ውኃ ውስጥ ሲነከር ቀዳዳውን በአረፋ ያሳይ የለ? ቱቦውን ውኃ ውስጥ መንከር ባይቻል፣ ውኃውን ወደ ቱቦው መውሰድ ይቻላል።

ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ። የጎማ መንፊያውን ኮምፕሬሰር የላስቲክ ቱቦ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ወተፈውና ነፋስ ለቀቀበት። መዓዛ በባልዲ ሳሙና በጠበጠች። ምንይችል ከመኪናው ሥር ተንጋሎ በቀለም ብሩሽ መጋጠሚያውን ሁሉ ይቀባ ጀመር። የማርሚታው ብየዳ ላይ ጥቃቅን አረፋ ወጣ። ፊተኛው መጋጠሚያ ላይ ሲደርስ አረፋው እንደሚገነፍል ወተት ተነፋ።

«አየሁት!» አለ ምንይችል። ድምፁ ጋራዡን ሞላው።

«ቡሎኑን ቢያጠብቁትስ?» አለ አዩብ።

«ለዛሬ ዝም ይላል። አርብ ገበያ ሳትደርስ ግን ይከፈታል።» ቡሎኖቹን ሲያላላ ቱቦው ከመጋጠሚያው ወርዶ ተንጠለጠለ። የተሠራው ለሌላ ዓይነት መኪና ነው፤ የሚሸከመው የጎማ ማንጠልጠያ ስላልተደረገለት ክብደቱ ሁሉ እዚያ መጋጠሚያ ላይ አርፏል። ጭስ እንዳያልፍ በመሃል የገባው ጋስኬትም በአንድ በኩል ተቃጥሏል።

ምንይችል ብየዳው የመኪናውን ኤሌክትሪክ እንዳይጎዳ ባትሪውን ፈታና ቱቦውን ቆረጠው። አዲስ ጋስኬት አስገብቶ፣ በጎማ አንጠልጥሎ፣ ሁለቱ ጫፎች ቀጥ ብለው ሲገጥሙ በየዳቸው። የማርሚታውን ብየዳ ሊፍቅ መቁረጫውን ሲያነሣ መዓዛ አስቆመችውና ሁለቱንም ጆሮውን በጥጥ ደፈነችለት። «የተረፈውን እንኳ እንጠብቀው» አለችው። የኋላውን በር ማሸጊያ ጎማ ሲያይ ተቀዶ አገኘው፤ ጭሱ ወደ ሰው የሚገባው በዚያ ነበርና እሱንም ቀየረ። እንደገና ሳሙና ቀባ። ብየዳው ላይ አንዲት አረፋ ብቅ አለች፤ ተሳደበና ደግሞ በየደው። በመጨረሻ ሳሙናው ዝም ብሎ ወረደ።

ያም ሆኖ ልቡ አላረፈም። አርብ ደረሰና ራሱ ከኋላ ወንበር ሊቀመጥ ወደ መናኸሪያ ሄደ። ባለፈው የወደቁት እናት፣ እማማ አበራሽ፣ የምስር ከረጢታቸውን ታቅፈው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ቦታ የቀረው ከኋላ ብቻ ነው።

«እዚያ ወንበር ላይ ሁለተኛ አልቀመጥም!» ይላሉ።

«እኔ አጠገብዎ እቀመጣለሁ፣ እማማ። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

እያጉረመረሙ ገቡ። መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ። ትንሽ እንደሄዱ አንድ ነገር ጠየቁት፤ አልሰማም። እንደ ወትሮው ራሱን ሊነቀንቅ ሲል ተወውና፣ «ወደ እኔ ዞር ብለው ይንገሩኝ፣ ጆሮዬ ደክሟል» አላቸው።

«የእኔም ዓይን ደክሟል፤ ምን አለበት» አሉና ዞረው ቀጠሉ። ገብሱን ውርጭ እንዴት እንደሳተው፣ ልጃቸው መካነ ኢየሱስ ከተማ እንዴት እንዳገባ፣ አንዱንም ሳያስቀሩ አወሩለት። እሱም ከንፈራቸውን እያየ አንዱም ሳያመልጠው ሰማ። የሚሸተው የእርጥብ ጋቢና የሽንኩርት ሽታ ብቻ ነበር።

አርብ ገበያ ሲደርሱ አዩብ ሮጦ በሩን ከፈተ። «እማማ፣ ራስዎን አመመዎት?»

«ራሴን?» አሉ እማማ አበራሽ ከረጢታቸውን እያቀበሉት። «በወሬ ረሳሁት እኮ! ይልቅ ስንመለስ ይኸው ሰውዬ አጠገቤ ይቀመጥ።»