ዲቪዲው ላይ የቆመው ሟች



እዚህ ጁባ አማራት ሰፈር ሆቴል ያላት ደንበኛዬ የወንድሟን ተዝካር ቪዲዮ ዲቪዲ እንዳደርግላት ጁባ ታውን ያለው ሱቄ መጣች። ጎንደር ላሉት እናቷ ልትልከው ነው።

ኮምፒውተሬን የጫንኩበት የሊኑክስ ነፃ ፕሮግራም፣ ዲስኩ ሲከፈት መጀመሪያ ለሚመጣው ገጽ (ለሜኑው) ከቪዲዮው አንድ ምስል ራሱ መረጠ። ድንኳኑ ውስጥ እንግዶች ይበላሉ፤ በሩ ላይ ሟቹ፣ በሕይወት እያለ የማውቀው ወንድሟ፣ ቆሟል። ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት፤ የለም።

(ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም እያልኩ ስኩራራ የነበርኩት ሰውዬ!)

አሳየኋት። አላለቀሰችም።

«እሱ እንግዳ በልቶ ሳይጨርስ መቼ ተቀምጦ ያውቃል? ካላስ፣ በቃ ተወው፤ እማዬም ትየው» ብላኝ ሄደች።

ቪዲዮውን ዲስኩ ላይ ገልብጬ ማጫወቻው ላይ ሞከርኩት። ሜኑው ላይ እንግዶቹ የሉም። እሱ ብቻ ቁጭ ብሎ እየበላ ነው።

ነገ ጎንደር የሚሄድ ሰው ሊወስደው ይመጣል። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ዲስኩን ልስጠው?