ለእህቴ ያልደረሰው ጠብታ

ታናሽ እህቴ ብዙነሽ በልጅነቷ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ የተሰጠውን የቫይታሚን ጠብታ ተከልክላለች። የተከለከለችውም «ፈዛዛ ናት» ተብላ ነው። ይህ በደል ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ።

ሰሞኑን የልጅ ልጄን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ የቫይታሚኑን ቀይ እንክብል ጫፍ በመቀስ ቆርጣ ዘይቱን አፏ ውስጥ ጨመቀችላት። ይህ የጎደለው ልጅ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኩ። መጀመሪያ ዳፍንት ይይዘዋል፣ ሲመሽ አያይም፣ ሲብስበት ዓይኑ ይጠፋል፤ ያላየውን ደግሞ እንዴት ብሎ ይማራል አለችኝ።

ብዙነሽ ልጅ ሳለች የምንኖረው ከከተማው ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በፈላና በር አጠገብ ነበር። እናቴ ከገጠር ከሶፊ የሚመጣውን ጎመንና ፓፓያ ጊደር መጋላ ገበያ ወስዳ ትቸረችራለች፤ እኛ የምንበላው ዳቦ በሻይ ነው። አሁን ሳስበው መድኃኒቱ እናቴ ቅርጫት ውስጥ ነበር።

እኔ ልጃገረድ ነበርኩ፤ ብዙነሽ ገና አራት ዓመቷ። ቀን ስትቦርቅ ትውልና ፀሐይ ስትጠልቅ ባለችበት ደርቃ ትቀራለች። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ጅን አብሯት ስለሚቀመጥ ቢስሚላሂ ሳትሉ አትንኳት ይሉን ነበር። አንድ ምሽት ሁላችን ከበናት ተቀምጠን ሳለ፣

«እታለም፣ ሲመሽ ሁላችሁም የት ነው የምትሄዱት?» አለችኝ።

እናቴ አማተበች።

ክረምቱ እንደወጣ አንድ ድሬሰር የሚባል የጤና ረዳት ጠብታውን ይዞ መጣ። ግንቡ ሥር ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ መሽቶ ዓይን ለዓይን መተያየት አስቸግሮ ነበር። ድሬሰሩ አገጯን ይዞ ቀና ሲያደርጋት፣ ሳታርገበግብ አፍጥጣ «ይሄ ሰውዬ ፊት የለውም» አለች።

እጁን ሰበሰበ። ከኋላችን ያሉት ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«ለፈዛዛ ልጅ አይጠቅምም። የሚቀጥለው» አለ ድሬሰሩ።

ለሁሉም የመጣ ነው፣ ለእሷም ይገባታል ብዬ ተሟገትኩ። ክንዴን ይዘው ከሰልፉ አወጡኝ።

ዓመት ሳይሞላ ቀኑም ጨለመባት። ትምህርት ቤት አልተቀበላትም። ዛሬ ሰውን በኮቴው ትለያለች፤ «ፈዛዛዋ» የሚለው ስም ግን እንደተለጠፈባት አረጀች።

ከጤና ጣቢያው በቀጥታ ወደ ድሬሰሩ ቤት ሄድኩ። አርጅተዋል፤ በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። «ጋሼ፣ እህቴን ለምን ከለከሏት?» አልኳቸው። ረስቼዋለሁ አሉ። ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ልጃቸው ወጥታ ብትለምነኝም አልተነሣሁም። ፀሐይዋ ከጣሪያዎቹ ጀርባ ስትገባ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ።

«ዳፍንት መሆኑን አውቅ ነበር» አሉኝ። «ግን ፈራኋት።»