ለስድስት ሞተር አንድ ካርቡሬተር

ሰፈሩ «ጋሽ ነገ» ይለዋል። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ መካኒክ ነው። በሩ ላይ ቆሞ «ያቺ ቀይዋ ሞተር ተነሳች?» ብሎ ለሚጠይቀው ሁሉ «ነገ ትነሳለች» ስለሚል ቅጽል ስሙ እውነተኛውን ስም ዋጠው። ውሸታም እንዳይመስላችሁ፤ ከልቡ ያምንበታል።

ቤቱ ፎቅ አለው። ከላይ መኝታና ማዕድ ቤት፣ ከታች አንድ ሰፊ ክፍል። የታችኛው ክፍል ለሳሎን ታስቦ ነበር፤ አሁን ግን ስድስት አሮጌ ሞተር ሳይክሎች መሪ ለመሪ ተጠላልፈው ቆመውበታል። ደረጃው ጋ ለመድረስ ሆድን ስቦ በጎን መሄድ ያስፈልጋል። ባለቤቱ ለዓመታት እንዲያ እየተሹለከለከች ኖራለች። በቅርቡ ግን ከደረጃው ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ ደረጃ የሚባል ነገር እንዳታስብ አዘዛት።

ስለዚህ አልጋዋ ታች መሆን አለበት። ልጃቸው በስልክ ቁርጡን ተናገረች።

«አባዬ፣ እማዬ ቅዳሜ ከሆስፒታል ትወጣለች። ክፍሉ ባዶ ከሆነ ቤቷ ትገባለች። ካልሆነ እኔ ጋ እወስዳታለሁ፤ እዚያው ትቀራለች።»

«እዚያው ማለት?»

«እዚያው ማለት እዚያው ነዋ!»

የልጅቷ ከተማ የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ነው። ከዚያ ስልክ በኋላ ሰውዬው መቀመጥ አቃተው። አንዷን ሞተር ወደ በር ይገፋል፣ መልሶ ይጎትታል። መፍቻ ያነሳል፣ ለምን እንዳነሳው ይጠፋበታል። ደረጃውን ወጥቶ ሳይደርስ ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ካርቡሬተር ማለት ከታንኩ የሚወርደውን ነዳጅ ከአየር ጋር ደባልቆ ጉም የሚያደርግ፣ ጭብጥ የምታክል ዕቃ ነው። ሞተር የሚሠራው በዚያ ጉም ነው። ይህች ትንሽ ዕቃ፣ ያለማንም እርዳታ፣ በየቅጽበቱ መጥና ታቀርባለች፤ እንዴት አያስደንቅም! የሰውዬው ስድስት ሞተሮች ደግሞ የአንድ ፋብሪካ ልጆች ስለሆኑ የአንዷ ዕቃ ለሌላዋ ይሆናል። አንዷን ለማስነሳት ከሌላዋ ይፈታል፤ የተፈታባትን «ነገ» ብሎ ይተዋታል። እንዲህ እንዲህ ሲል ጤነኛ ካርቡሬተር የቀረው አንድ ብቻ ነበር። የማናቸውንም ድምፅ መስማት ሲያምረው ሁለት ብሎን ፈትቶ ያችን ያዛውራል፣ ያስነሳል፣ ጆሮውን ይሰጣል፣ «ትንሽ ነው የቀራት» ይላል። ሁሉም በየተራ ጮኸው ያውቃሉ። አብረው ግን ጮኸው አያውቁም።

ሊሸጥ መሆኑን ሲያስወራ መጀመሪያ የመጣው አንድ ዕቃ አድራሽ ነው። ሰውዬው ካርቡሬተሩን ጥቁሯ ላይ አስሮ ጠበቀው። ወጣቱ አንዴ ረገጣት፣ ደገመ፤ አገሳች።

«ጋሼ! ይቺማ አንበሳ ናት!»

«ድሮስ! ካንዴላዋን ብቻ አጽዳላት። ፍሬኗም ትንሽ ይስባል። ዝናብ ሲመታት ደግሞ ታኮርፋለች...»

«ትኩረፋ፣ እኔ አባብላታለሁ!» አለና ሂሳቡን ዘግቶ ነድቷት ሄደ።

ሰውዬው ድምፁ እስኪጠፋ በሩ ላይ እጁን ሲያውለበልብ ቆየ። ከዚያ ለሚቀጥለው ገዢ አረንጓዴዋን ሊያዘጋጅ መፍቻውን አነሳ፤ እጁ አየር ላይ ቀረ። ካርቡሬተሩ ከአንበሳዋ ጋር ሄዷል። ስልክ ቁጥር እንኳ አልተቀበለም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ እየረገጡ፣ እያላባቸው፣ እየሳቁ ሄዱ። አንዱማ «ጋሼ፣ ይሄ ሞተር ነው የእግር ስፖርት?» አለው።

አርብ ከሰዓት አንዲት የጋራዥ ባለቤት መጣች። ሰላም ብላ፣ ቁጢጥ ብላ፣ ባትሪ እያበራች በየሆዳቸው ተመለከተች።

«የቀይዋ ሰንሰለት የታለ?»

«አረንጓዴዋ ላይ።»

«የአረንጓዴዋ ፍሪሲዮንስ?»

«ቢጫዋ ወስዳዋለች።»

«የቢጫዋስ?»

ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰማያዊዋ ላይ ነው። እሷ ግን አትሸጥም።»

ሰማያዊዋ ደረጃው ሥር፣ አንሶላ ለብሳ ቆማለች። ባለቤቱን በወጣትነታቸው ያንሸራሸራት በሷ ነው፤ ከኋላው ቀበቶውን ጨምድዳ «ቀስ በል፣ አንተ!» እያለች። አሳምሮ ሊሠራት ስለፈለገ ሁልጊዜ ለመጨረሻ ያቆያታል።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝ» አለች ሴትዮዋ። «ካርቡሬተር እኔ አላጣም። ግን እርስዎ ያለዎት አምስት ሞተር አይደለም፤ አምስት ቦታ የተበተነ አንድ ዕቃ ነው። አንዷን ካስቀሩ የምወስደው ቁርጥራጭ ብረት ነው። ወይ ሁሉንም፣ ወይ ምንም።»

«ነገ ልንገርሽ?»

«ነገማ ቅዳሜ ነው፣ አልሠራም። የጭነት መኪናዬ ውጭ ቆሟል።»

ሰውዬው ደረጃውን ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። ሚስቱ የወደቀችበት እርከን ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ወርዶ አንሶላውን ገፈፈ። ጎማዎቿ ተንፍሰው ነበር፤ በእጅ መንፊያ ሁለቱንም ነፋ፣ ማንም እንዲያግዘው አልፈቀደም፣ ራሱ ገፍቶ ወደ ሴትዮዋ መኪና አወጣት።

ቅዳሜ ባለቤቱ በመራመጃ ጋሪዋ ተደግፋ ገባች። ክፍሉ ሳሙናና ናፍጣ ይሸታል። ወለሉ ላይ ሞተሮቹ የቆሙበት ጥቁር የዘይት ምልክት አለ፤ መሐል ላይ አልጋ። ልጅቷ ሻንጣውን በሩ ላይ እንደያዘች ቆማለች።

«ሰማያዊዋስ?» አለች ሚስቱ።

«ሄደች።»

ደረጃው ሥር የቀረውን የዘይት ምልክት አየች። «ለመሆኑ ተነስታ ነበር?»

«ነገ ትነሳለች።»

ካፉ አምልጦት ነው። እሷ ዳሌዋን ይዛ ሳቀች፤ «አታስቀኝ ያመኛል!» እያለች እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ልጅቷ ሻንጣውን አስገብታ አልጋው ሥር ከተተችው።

«በል አሁን እንኳ አጠገቤ ተቀመጥ» አለችው ሚስቱ፣ አልጋው ላይ አረፍ ብላ ጋሪዋን ወደ ጎን እየገፋች።

ተቀመጠ። ወዲያው ተነሳ። የጋሪዋ አንዱ ጎማ ሲጢጥ ሲል ሰምቶታል።